ያልተዘጋው ክዳን፦ «ሆቴል ዳስክ» በአንድ የአዳማ ቤት

ባለፈው ክረምት አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ እናትና ሁለት ልጆች «ሆቴል ዳስክ» የሚባል የመርማሪ ጌም ጀምረው ገና ሳይሞቁ ቆሙ። ጌሙ ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ የሚነበብ ስለሆነ ጎረቤቱም ዘመዱም ምክንያቱን ለመገመት ጊዜ አላጠፋም፤ «እንግሊዝኛው ከብዷቸው ነው» ተባለ። ጉዳዩ ሲጣራ እንግሊዝኛው ነጻ ወጣ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ ፍንጩም ጌሙ ውስጥ ሳይሆን እናትየዋ ልብስ የምትሰፋበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የከረመ ነው።

የግቢው ጎረቤት ስለሆንኩ አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን ከሦስቱም፣ የጌም ማሽናቸውን ከጠገነላቸውም ልጅ ጠይቄ አሟልቻለሁ። ስማቸው እንዳይነሳ ስለፈለጉ ታላቋ፣ ትንሹ፣ እናትየዋ እያልኩ እቀጥላለሁ። ታላቋ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች ናት፤ ትንሹ ወደ ሰባተኛ የተዛወረ። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክረምት ደግሞ የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ከሐምሌ ጀምሮ ከስፌት መኪናዋ ቀና አትልም።

ከአክስት ሻንጣ የወጣችው

ማሽኗ ነጭ ኒንቴንዶ ዲኤስ ላይት ናት፤ በእጅ የምትያዝ የጌም ማሽን። የመጀመሪያዋ ዲኤስ ገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ነው፤ ቀጠንና ቀለል ያለችው ላይት በ2006 ተከተለቻት። የዲኤስ ዘር በሙሉ ሲደመር 154 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል፤ እዚህ ግን የውጭ ዘመድ ካላመጣት በቀር ሰው እጅ ላይ ብዙ አላየኋትም። ሁለት ስክሪን አላት፣ እንደ መጽሐፍ ትታጠፋለች፣ አንደኛው ስክሪን በፕላስቲክ ብዕር ይነካል፣ ማይክሮፎንም አላት። ወደ አዳማ ያመጣቻት አሜሪካ የምትኖረው የእናትየዋ እህት ናት። የልጇ ነበረች፤ ልጁ አድጎ ትቷታል። አብራት የመጣችው የጌም ካሴት አንዲት ብቻ ናት።

በገባች ማታ ቻርጀሯ ተቃጠለ። አሜሪካ የሚሸጠው የዲኤስ ላይት ቻርጀር 120 ቮልት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። ጀርባው ላይ በጥቃቅኑ ተጽፏል፤ የቻርጀር ጀርባ ማን ያነባል? ፖስታ ቤት አካባቢ ሞባይል የሚጠግን አንድ ወጣት ጋ ወሰዱት። ልጁ ያየው የሚገባውን ሳይሆን የሚወጣውን ነው፤ 5.2 ቮልት ይላል። የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው 5 ነው። የተቃጠለውን ጥሎ ገመዱን ከነጫፉ አስቀረና ከዩኤስቢ ገመድ ጋር በየደው። ዲኤሷ እስከ ዛሬ በስልክ ቻርጀር ትሞላለች።

ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ግን ሁለተኛው ጥገና ነው። ዲኤስ ላይት የታወቀ ሕመም አላት፦ ማጠፊያዋ፣ በተለይ የቀኙ፣ ይሰነጠቃል። ይቺኛዋም አሜሪካ እያለች ይሁን ሻንጣ ውስጥ፣ ተሰንጥቃ ነው የደረሰችው። የላይኛው ስክሪን ይወዛወዝ ነበር። ስክሪኑን ከታችኛው ቦርድ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ፣ ፍላት የሚሉት፣ የሚያልፈው በዚሁ ማጠፊያ በኩል ስለሆነ ስንጥቁ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጠጋኙ አገላብጦ አያትና፣

«እትዬ፣ ፍላቷ ከተበጠሰች መተኪያ አላገኝላችሁም። እንደተከፈተች ላጠንክራት ወይስ እንዳለች ትሂድ?» አላት።

አጠንክራት ተባለ። ቀጭን ቆርቆሮ ቆርጦ ከኋላ ደግፎ በማጣበቂያ ያዘው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ዛሬም ብታዩት አይነቃነቅም። ዲኤሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠፍ አቆመች። ማብሪያ ማጥፊያዋ ጎኗ ላይ ስለሆነ ለመዝጋት ክዳን አያስፈልግም፤ መያዣ ቦርሳ ስላልነበራት የድሮ ስካርፍ ተጠቀለለላትና ነገሩ ተረሳ። ቀጥሎ ያለውን ለመረዳት ይህን መርሳት ማስታወስ ያስፈልጋል።

ክፍል 215

ካሴቷ «ሆቴል ዳስክ፦ ክፍል 215» ናት። የሠራው ጃፓን፣ ፉኩኦካ የነበረ ሲንግ የሚባል ድርጅት ነው፤ ያሳተመው ኒንቴንዶ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007። ታሪኩ የሚጀምረው ዲሴምበር 28 ቀን 1979 ነው። ካይል ሃይድ የኒው ዮርክ ፖሊስ መርማሪ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ሬድ ክራውን ለሚባል ድርጅት እየዞረ ዕቃ ይሸጣል፤ ጎን ለጎን የጠፋ ባልደረባውን፣ ብራያን ብራድሊን፣ ይፈልጋል። ኔቫዳ ውስጥ አንድ ያረጀ ሆቴል ይገባል። የሚሰጠው ክፍል ምኞት ያሳካል የሚባልለት 215 ነው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ እዚያ ያደሩት እንግዶች እንዲሁ በአጋጣሚ የተገናኙ እንዳልሆኑ ይገባዋል።

ዲኤሷን ጎን አዙረህ እንደ መጽሐፍ ነው የምትይዛት። በአንዱ ገጽ ሃይድ፣ በሌላው የሚያናግረው ሰው፤ ሁለቱም በእርሳስ የተነደፉ ይመስላሉ፣ መስመራቸው አያርፍም። ተኩስ የለም፣ መኪና ማባረር የለም። በር ታንኳኳለህ፣ ትጠይቃለህ፣ የሰውየውን ፊት ታያለህ፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ ትመርጣለህ። ያለቦታው ከተናገርክ የሆቴሉ ባለቤት ደኒንግ ስሚዝ ከሆቴሉ ያስወጣሃል፤ ጌም ኦቨር። ምዕራፍ ሲያልቅ ሃይድ ቆም ይልና የዕለቱን ነገር ለራሱ በጥያቄ ይከልሳል፤ ማን ምን አለ፣ የትኛው ዕቃ የማን ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የገረመኝ ማስታወሻ ደብተሩ ነው። ጌሙ ውስጥ በብዕሩ የምትጽፍበት ሦስት ገጽ ያለው ትንሽ ደብተር አለ። ጽሑፉን ማሽኗ አታነበውም፤ የእጅህን መስመር እንዳለ ታስቀምጠዋለች። ስለዚህ አማርኛ ፊደል ፈጽሞ የሌላት ማሽን ታላቋ የጻፈችውን «ልጅቷ ስለ እናቷ ስትጠየቅ ዞር አለች» ያለ አንዳች ችግር ይዛለች። ሦስቱ ገጾች ቶሎ ስለሞሉ የታላቋ ፊደል እየጠበበ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል።

ቤት ውስጥ የተጫወቱትም በዚህ መንገድ ነው። እናትየዋ ትሰፋለች። ታላቋ አጠገቧ ተቀምጣ አንድ ስክሪን በልቧ ታነብና በአማርኛ ትነግራታለች። ትንሹ ብዕሩን ይዟል፤ ሃይድን ኮሪደር ለኮሪደር የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። መብራት በሚጠፋ ማታ ጨዋታው ይበልጥ ይሞቅ ነበር፤ መብራት ሲኖር ለስፌት ነው፣ ሲጠፋ ሦስቱም ነጻ ናቸው። (ከከተማዋ ዳር የነፋስ ተርባይኖቹ እየዞሩ እኛ በሻማ የምናመሽበትን ምሥጢር ደግሞ ሌላ መርማሪ ይፍታው።) ዲኤስ ላይት አዲስ ሳለች ብርሃኗን ዝቅ ካደረጓት 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ትሠራለች ይላል አምራቹ፤ የእነሱ ባትሪ አርጅቶም ቢሆን ማታ ሙሉ ያደርሳል።

እናትየዋ እንግሊዝኛ አትችልም ማለት ይቻላል። የምዕራፍ መጨረሻ ጥያቄ ሲመጣ ግን የሚጠየቀው እሷን ነው። አንድ ማታ ነበርኩ። ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ታዳምጣለች። ታላቋ ጥያቄውን ከነሦስቱ አማራጭ አነበበችላት። ትንሹ ቸኩሎ ብዕሩን መጀመሪያው ላይ ሊያሳርፍ ሲል፣ «ቆይ አንተ! እሱ አይደለም የነገረው፤ እሱ ሰማሁ ነው ያለው። ያየችው ሴትየዋ ናት» አለች። ትክክል ነበረች። ደንበኛ የዛሬ ዓመት ያሰፋችውን ቀሚስ የወገብ ልክ በቃሏ የምትይዝ ሴት ሆቴል ሙሉ ሰው ቢሰጣት አይምታታባትም።

የቆሙበት ቦታ

ሆቴሉ ውስጥ ሜሊሳ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች፤ ከአባቷ ጋር ነው ያረፈችው። ተቆራርጦ የሚገጣጠም ሥዕል አላት፤ ሃይድ ይገጥምላታል። ትንሹ ቁርጥራጩን በብዕሩ እየጎተተ ገጠመው። ከዚያ የተገጠመውን ሥዕል ገልብጦ ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቀጥ አሉ።

ነኩት። ጥግ ጥጉን ጎተቱት። ቁልፍ የሚባለውን ሁሉ ተጫኑ። ማይክሮፎኑ ላይ እፍ አሉ። ትንሹ ማሽኗን ራሷን ገልብጦ በሆዷ ጠረጴዛ ላይ አስተኛት፤ ይህ ሙከራ ከሁሉም የቀረበው እንደነበር ያኔ ማንም አላወቀም።

እዚህ ላይ ነው እንግሊዝኛው የተከሰሰው። ከግቢው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ተጠርቶ የሜሊሳን ንግግር እንደገና አነበበ፣ መዝገበ ቃላት ተከፈተ፣ ታላቋ የነገረቻቸው ከተጻፈው ጋር ተነጻጸረ። ምንም ያመለጣት ነገር የለም። ልጅቷ ግን ተሸማቀቀች፤ ሁለት ቀን ካሴቷን አልነካችም። ሰው ሁሉ ደግ መስሎት «አይዞሽ፣ ከባድ እንግሊዝኛ ነው» ይላታል፤ እሷ ደግሞ እንዳልከበዳት ታውቃለች። እናትየዋ ናት የቆረጠችው፦ «እስካሁን ስንቱን ሰው ስታናግርልኝ የከረመች ልጅ፣ አሁን ከአንዲት ሕፃን ጋር መግባባት አቃታት?»

ሙግቱ ጠንካራ ነው። ልጅቷ ረጅምና ጠመዝማዛ ንግግር ስታልፍ ከርማ አጭር ንግግር ላይ የምትወድቅበት ምክንያት የለም። የቋንቋ ችግር ቢሆን ቀደም ብሎ፣ ብዙ ቦታ፣ በትንሽ በትንሹ ይታይ ነበር፤ የተሳሳተ መልስ መርጠው ደኒንግ ሲያባርራቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ያውም ከንግግር ውጭ በሆነ ነገር ላይ፣ ግድግዳ ሲሆን ወደ ሌላ ቦታ ማየት ነው።

ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ መልስ ከኢንተርኔት አይታይም። ሕጉ የእናትየዋ ነው። «ፖሊስ ሌባውን ከዩቲዩብ አያወርድም» ትላለች። ትንሹ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። እናቱ ለልኬት ደንበኛ ቤት በሄደችበት ስልኳን ወስዶ ዳታ ከፍቶ ፈለገ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ ዲኤሱን ዝጋውና መልሰህ ክፈተው።

ማሽኗን እንደ መጽሐፍ ስትዘጋት ሥዕሉ ይገለበጣል። ይኼው ነው።

ትንሹ መልሱን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ከዚያ ማሽኗን አየ። ማጠፊያው ላይ ቆርቆሮ አለ፣ ማጣበቂያ አለ። በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ገፋት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሲሰማ ታላቋ መነተፈችው። ቆርቆሮው አልተነቀለም፣ ፍላቱም ደህና ነበር። አሁን ግን ነገሩ ከበፊቱ የባሰ ሆነ። ሕጉ ተጥሷል፣ መልሱ ታውቋል፣ መልሱን መጠቀም አይቻልም። የመርማሪ ጌም ስጫወት ብዙ ዓመቴ ነው፤ መፍትሔውን በቃሉ ይዞ የተቀረቀረ ሰው ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ጠጋኙ ጋ ተሄደ። ማጣበቂያውን ማስለቀቅ እንደሚችል፣ ፍላቱ እንደማይበጠስ ግን ዋስትና እንደማይሰጥ ነገራቸው። እናትየዋ ለአንድ ሥዕል ብላ ማሽኗን እንደማታጣ ተናገረችና መለሰቻቸው። ለጥቂት ቀናት ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ።

በምን ታውቃለች?

ፋይሉን መልሳ የከፈተችው ታላቋ ናት፤ የከፈተችበት ጥያቄ ደግሞ ከጌሙ ውስጥ ከጠየቁት ሁሉ ይበልጣል። ማሽኗ መዘጋቷን በምን ታውቃለች?

ክዳኑ ራሱ ሥዕሉን አይገለብጥም። ክዳኑ ሲዘጋ ማሽኗ አንድ ነገር ይሰማታል፤ ጌሙም ያንን ነው የሚጠብቀው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ከታወቀ ክዳኑ ባይንቀሳቀስም ሊደረግ ይችላል። ልጅቷ ይህን ይዛ ብቻዋን ፖስታ ቤት ወረደች። ጠጋኙ ሲጠግናት ውስጧን አይቷታል። ክዳኑ ሲመጣ የሚጫነው ቁልፍ እንዳላየ አስታወሰ። ከዚያ ከሥራው የመጣ ሐሳብ መጣለት። ክዳን ያለው የስልክ ከቨር ሲዘጋ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ከቨሩ ውስጥ ማግኔት አለ፣ ስልኩ ውስጥ ደግሞ ማግኔቱን የሚሰማ ትንሽ ዕቃ። ከቨር ቀይሮ ስክሪኑ አልበራ ብሎት የመጣ ደንበኛ ስንት አስተናግዷል። «ይቺም ማግኔት ነው የምትሆነው፣ እህቴ» አላት። ልክ ነው፤ ዲኤስ ላይት ክዳኗ መዘጋቱን የምታውቀው በማግኔት ነው።

ታላቋ ቤት ገብታ ይህን ስትናገር ትንሹ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ።

አሁን ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ጌሙን በጀመሩ ሰሞን ዲኤሷ አንድ አመል ነበራት። የስፌት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጧት ሁለቱም ስክሪኖች ድንገት ይጨልማሉ። ሲያነሷት ይመለሳሉ። ባትሪ ነው ተባለ፣ ጠጋኙ ባትሪውን ለክቶ ደህና ነው አለ። የተበየደው ገመድ ነው ተባለ፣ ተለወጠ፣ አመሉ አልተወም። እናትየዋ የስፌት መኪናው ሞተር ነው የሚያጠፋት ብላ ሁለቱንም ከጠረጴዛው አባረረቻቸው። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ነው የተጫወቱት፤ አመሉም ጠፋ፤ ሞተሩ ጥፋተኛ ሆኖ ተመዘገበ።

ትንሹ ግን ያኔ ያየውን አንድ ነገር ማንም አልጠየቀውም ነበር። ስክሪኖቹ ሲጨልሙ አረንጓዴዋ መብራት አትጠፋም፤ ቀስ እያለች ትፈዛለች፣ ቀስ እያለች ትበራለች። ባትሪ ያለቀበት ማሽን እንዲህ አያደርግም። ዲኤስ ላይት ክዳኗ ተዘግቶ ስትተኛ የምታሳየው ምልክት ነው።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ደግሞ የማግኔት ክብ ነው፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ከባድ። ልብስ ሰፊ ቤት የሌለበት የለም። ወለል ላይ የወደቀ መርፌና ስፒል ይለቀምበታል፤ ሥራ ሲያልቅ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ መርፌው እንደ ጃርት ቆሞበት።

ሞተሩ ነጻ ወጣ። ሳቁ መጣ፤ ምክንያቱም ከጠረጴዛው ባይባረሩ ኖሮ ሥዕሉን የገጠሙት ያን ማግኔት አጠገብ ይሆን ነበር፣ ማሽኗ በራሷ ጊዜ ትተኛና ትነቃ ነበር፣ ሥዕሉም ሳይጠየቅ ይገለበጥ ነበር። እናትየዋ ልጆቿን ያራቀቻቸው ከመፍትሔው ነው።

ከመሞከራቸው በፊት አንድ ክርክር ተነሳ። «ካሴት» ስለምንላት እናትየዋ እንደ ድሮው የቴፕ ካሴት አድርጋ ነው የምታያት፤ ማግኔት የቴፕ ካሴት እንደሚያጠፋ ደግሞ በልጅነቷ ታውቃለች። ያስቀመጡት ሁሉ ይጠፋል ብላ ከለከለች። ጠጋኙ በስልክ ተጠየቀ፤ ውስጧ ክር የለም፣ ቺፕ ነው፣ ማግኔት አይነካትም አለ። ተፈቀደ።

ትንሹ መርፌዎቹን አራግፎ ማግኔቱን በጨርቅ ጠቀለለው። የሜሊሳ ሥዕል ተገጥሞ ይጠብቃል። ማግኔቱን በታችኛው ግማሽ ላይ፣ ከስክሪኑ ራቅ አድርጎ፣ ቀስ እያለ አዟዟረው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ትንሽ ወደ ዳር ሲወስደው ሁለቱም ስክሪኖች ጨለሙ፤ አረንጓዴዋ መብራት መፍዘዝ መብራት ጀመረች። አነሳው። ስክሪኖቹ ሲመለሱ ሥዕሉ በጀርባው ተኝቷል።

ታላቋ ወዲያው ማንበብ ጀመረች። እናትየዋ ከዚያ በፊት ሆቴሉ ውስጥ ማንም ሲዋሽ ስፌቷን አቁማ አታውቅም፤ ያን ቀን የስፌት መኪናውን አጥፍታ መጣች።

ይህ እንቆቅልሽ ልክ ነው?

ጉዳዩን ለጌም ወዳጆች ስተርክ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። ግማሹ ብልሃት ነው ይላል፣ ግማሹ ማጭበርበር። እኔ የማየው እንዲህ ነው። በ2007 ዲኤስ ገና ትኩስ ነበረች፤ ጌም ሠሪዎች የማሽኗን አካል እንደ መጫወቻ ያዩበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ፋንተም ሃወርግላስ» በአንዱ ስክሪን ያለውን ምልክት በሌላው ስክሪን ካርታ ላይ ለማተም ዲኤሷን ዝጋ ይላል፤ ማህተም እንደመምታት። የካፕኮሙ የጠበቃ ጌም «ኤስ አተርኒ» በ2001 ከዲኤስ በፊት ለነበረችው የኒንቴንዶ ማሽን፣ ለጌም ቦይ አድቫንስ፣ ሲወጣ በቁልፍ ብቻ የሚጫወቱት ነበር፤ ወደ ዲኤስ ሲሻገር ግን በተጨመረው አምስተኛ ክስ ላይ የጣት አሻራ ለማውጣት ዱቄት ትነሰንስና ማይክሮፎኑ ላይ እፍ ትላለህ። ሲንግም ቢሆን ከ«ሆቴል ዳስክ» በፊት በ2005 በሠራው «አናዘር ኮድ» ሁለቱ ስክሪኖች እርስ በርስ እንዲንጸባረቁ ዲኤሷን ዘንበል የሚያስደርግ እንቆቅልሽ አስገብቷል። እነዚህን የለመደ ሰው ክዳን መዝጋት አይሳነውም። አዳማ ያሉት ሦስቱ ግን በሕይወታቸው የያዟት የመጀመሪያ ዲኤስ ይቺ ናት፣ እሷም አትዘጋም። ክዳን መሆኗን ራሱ ረስተውታል።

ኒንቴንዶ ራሱ ይህን ችግር ማወቁ አስገርሞኛል። በ2013 የወጣችው 2ዲኤስ የማትታጠፍ ጠፍጣፋ ማሽን ናት፤ ክዳን የላትም። ስለዚህ ክዳን የመዝጋትን ሥራ የሚሠራ ተንሸራታች ማብሪያ ሠሩላት። የዲኤስ ካሴት እዚያ ላይ ሲጫወቱ «ዝጋ» የተባለው ቦታ በዚያ ይታለፋል። ፋብሪካው በማብሪያ የፈታውን እነዚህ በስፒከር ማግኔት ፈቱት፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስልክ ላይ በኢሙሌተር፣ ማለትም ዲኤስን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም፣ የሚጫወቱ ወጣቶች ደግሞ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ይስቃሉ። እነሱ ጋ «ክዳን ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ከምናሌው ውስጥ አለ። እውነት ነው፣ ይቀላል፤ ግን ትእዛዙን ማየት ራሱ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ሜሊሳ ሥዕሏን ይዛ ስትጠብቅ ያለው ደስታ መልሱ ከስክሪኑ ውጭ፣ በእጅህ በያዝከው ፕላስቲክ ውስጥ መሆኑ ነው። እኔ በዚህ ከብልሃት ወገን ነኝ። ቅር የሚለኝ ጌሙ ዘዴውን የሚጠቁም አንዲት ቃል እንኳ አለማስቀመጡ ነው፤ ሃይድ ብዙ ያወራል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቢያጉረመርም ምን ነበረበት?

ስለ እንግሊዝኛው ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ልጅቷን ለሁለት ቀን ያሸማቀቃት ማሽኗ አይደለችም፤ እኛ ጎረቤቶቿ ነን። ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ይዞ ከቆመ ሌላ ምክንያት አንጠይቅም፤ ፍርዱ አስቀድሞ ተጽፏል። ያ ፍርድ ባይኖር ጠጋኙ ጋ የሄደችው ከሳምንት በፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ

ጌሙ አልቋል። መጨረሻውን አልናገርም፤ እናትየዋ ብራድሊን በተመለከተ ከመሀል ጀምራ የገመተችው ግን በከፊል ልክ ነበር፣ በከፊል ደግሞ ሃይድን ከሚገባው በላይ አምናዋለች። ማግኔቱ ቦታው ተለውጦ የዲኤሷ ስካርፍ አጠገብ ነው የሚያድረው፤ መርፌ ለመልቀም ሲፈለግ ትንሹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ጠጋኙም ከዚያ ወዲህ የሚታጠፍ ነገር ሲመጣለት ማጠንከሩን ከመጀመሩ በፊት «መዘጋቱ ያስፈልጋችኋል?» ብሎ ይጠይቃል።

አሁን የቀራቸው ተከታዩ ነው። «ላስት ዊንዶው» ይባላል፤ ያው ካይል ሃይድ ነው፣ የወጣው በ2010። ሲንግ በዚያው ዓመት ከስሮ ስለተዘጋ ከዚህ በኋላ ሦስተኛ የለም። ችግሩ ጃፓንና አውሮፓ ብቻ መሸጡ ነው፤ አሜሪካ አልወጣም። የዲኤስ ካሴት የትም ቢገዛ የትኛዋም ዲኤስ ላይ ስለሚሠራ ከአውሮፓ የተገዛ ይበቃል። ታላቋ ለአክስቷ ይህን ሁሉ አብራርታ ረጅም መልእክት ጻፈች፤ የካሴቷን ስም፣ የት እንደሚገኝ፣ የሽፋኑን ፎቶ ሳይቀር። አክስትየው በማግስቱ መለሰች፤ የትንሹን የጫማ ቁጥር ጠይቃ።